ለእናቴ ብቻ የምታስል ፒክአፕ

በስምንት ዓመቴ አንድ ሰው ከልቤ ጠልቻለሁ። ሰውዬው መካኒክ ነበር። የልጅ ጥላቻ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ከመተኛቴ በፊት ዓይኔን ጨፍኜ «ይኼን ሰውዬ አንድ ነገር አድርግልኝ» እያልኩ ለፈጣሪ አሳብቅበት ነበር። ፈጣሪ ሰውን ከኔ በተሻለ ያውቃልና አልሰማኝም። ዛሬ የዚያ ሰው ነገር ሲነሳ ከመቀመጫዬ ብድግ ብል ደስ ይለኛል። ያኔ ግን እንደዚያ ነበርኩ፣ ምን ይደረግ።

እናቴ በአንድ ሆስፒታል በሙከራ የተመደበች ሾፌር ነበረች። ሥራዋ የታጠበና የተተኮሰ አንሶላ በፒክአፕ ጭኖ ለሦስት ጤና ጣቢያዎች ማድረስ፣ የቆሸሸውን ሰብስቦ መመለስ ነው። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት በዚያው ሆስፒታል ማጠቢያ ክፍል ሠርታለች። ማጠቢያ ክፍል ማለት እንፋሎት ነው፤ ከበር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሠራተኞቹ ጭንቅላት ብቻ ሆነው ይታያሉ፣ የሳሙናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። እናቴ ከዚያ ስትመጣ እጇ እስከ ክርኗ ቀልቶ ነው፤ ሳሏ ደግሞ አምስት ደረጃ በአንድ ትንፋሽ አያስወጣትም ነበር። ሐኪሙ «ከእንፋሎቱ ካልወጣሽ ይኼ ሳንባ አይድንም» ሲላት በር ላይ ቆሜ ሰምቻለሁ። ሳንባ ምን እንደሆነ ባላውቅም አባባሉ አስፈርቶኛል።

ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ እየተማረች መንጃ ፈቃድ አወጣች። ሦስት ወር ሙከራ ሰጧት። ካለፈች ቋሚ ሾፌር ትሆናለች፤ ከወደቀች ተመልሳ እንፋሎቱ ውስጥ። አባቴ እኔ ሳላውቀው ስለሞተ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፣ ሌላ የሚደርስልን ሰው አልነበረንም።

በዚያ ግቢ ከእሷ በፊት መሪ የጨበጠች ሴት አልነበረችም። የሰጧት መኪና ደግሞ ሌላው ሾፌር ሁሉ የሸሻትን ነው፤ ዕድሜዋ የኔን ሁለት እጥፍ የሚሆን፣ በሯ በኃይል ካልተመታ የማይዘጋ ሰማያዊ ፒክአፕ። እናቴ ግን እንደ ሙሽራ ነው የያዘቻት። ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላታለች። ከዚያ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ትስብና፣ ከጀርባዋ ትራስ ትሸጉጥና፣ አገጯ መሪውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ቁጭ ትላለች። አጭር ናት እናቴ። ዘበኛው በሩን ሲከፍት «ኧረ መኪናዋ ብቻዋን መጣች!» ይላታል፤ እሷም «ዓይንህን ታከም!» ብላው ታልፋለች። እኔ ትምህርቴ እስከ እኩለ ቀን ስለነበር ከሰዓት በኋላ ጋቢና ውስጥ ከጎኗ ነበርኩ።

ችግሩ የጀመረው በሁለተኛው ወር መጨረሻ ነው። ፒክአፗ ደህና ስትሄድ ስትሄድ ድንገት ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። እህ፣ እህ፣ እህህ! ጉልበቷ ይከዳትና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንጠናለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። አንዳንድ ቀን ሁለቴ፣ አንዳንድ ቀን አሥር ጊዜ። መካኒኮች «ሚስ ታደርጋለች» ይሉታል፤ ሞተሩ እሳት በሚያስፈልገው ቅጽበት እሳቱ ሲቀርበት ማለት ነው። አንድ ቀን ዳገት ላይ ጭራሽ ጠፋችብንና ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ጥሩንባውን ለቀቀብን። እናቴ ፊቷ በርበሬ መሰለ። እኔ ጋቢናው ወለል ላይ ተደበቅሁ። አዎ፣ አፍሬባት ነበር።

የሾፌሮቹን አለቃ ክሬኑ ይሉታል። የጣሪያ አምፖል ያለ መሰላል የሚፈታ ሰው ነው። በልጅ ዓይኔ የሰው ሁሉ ቁንጮ እሱ ነበር፤ እሱ ባያውቅም ሳድግ ላገባው ወስኜ ነበር። እናቴ ስለ መኪናዋ ባመለከተች ቁጥር ክሬኑ ቁልፉን ይቀበላል፣ ወንበሩን ገፍቶ ቷ! አድርጎ ወደ ኋላ ይለቅቀዋል፣ አንድ ክንዱን በመስኮት አውጥቶ ዳገቱን ወጥቶ ይወርዳል። መኪናዋ አንዴም አታስል።

«ጤነኛ ናት» ይላል ቁልፉን እየወረወረ። «የነዳጅ አሰጣጥ ጉዳይ ነው። ፍሪሲዮን ላይም ትተኛለች።»

እየነዳች እንቅልፍ ይወስዳታል ማለት መስሎኝ ክው አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይኖቿን ስጠብቅ ነበር የምውለው፤ ጨፈን ካደረገች ልቆነጥጣት። እግሯን ከፍሪሲዮኑ ፔዳል አታነሳም ማለቱ እንደነበር የገባኝ እኔ ራሴ መንዳት ስማር ነው። እሱም ቢሆን ሐሰት ነበር።

መኪናና ሾፌር የሚመድበው የስምሪት ኃላፊ ደግሞ ክሬኑ ያለውን ሁሉ ይጽፋል። በእናቴ ማኅደር ውስጥ «የአነዳድ ችግር» የሚል ወረቀት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተባለ። የሙከራው ጊዜ ሊያልቅ፣ አርብ ዕለት ኮሚቴ ተቀምጦ ሊወስን አንድ ሳምንት ቀረው።

እንግዲህ ወደ ጠላቴ ልምጣ። መካኒኩን ግቢው በሙሉ «አባ ዝም» ይለዋል፤ «ጋሼ» የምትለው እናቴ ብቻ ናት። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም የተባለው ለሱ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ እሳት የሚረጩትን ካንዴላዎች ቀየረ። ከዚያ የካንዴላዎቹን ሽቦዎች። ከዚያ እሳቱን የምታመነጨውን ቦቢና ከሌላ መኪና ፈትቶ አምጥቶ ሞከረ። ነዳጁን ከአየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር አውርዶ በቤንዚን አጠበ። እያንዳንዱን ሠርቶ ሲጨርስ ወንበሩን ለራሱ ቁመት አስተካክሎ ነድቶ ያያታል፤ ሰላም ናት። እናቴ ስትገባባት ታስላለች። ሰኞ ዕለት መሣሪያውን ሁሉ አስቀመጠና ደብተርና እርሳስ ይዞ፣ ምንም ሳይናገር፣ ጋቢና ገብቶ ከኛ ጋር ተቀመጠ።

ጦርነታችን የተጀመረው ያኔ ነው። መሃል ላይ እኔ ነኝ። ዘይት ዘይት የሚሸተው ጉልበቱ ጉልበቴን ይነካኛል። ሰውዬው መንገዱን አያይም፤ ዓይኑን የእናቴ እግር ላይ ተክሎ ነው የሚውለው። መኪናዋ ባሰለች ቁጥር ይጽፋል። ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል ማንበብ አልቻልኩም፤ ግን ማንበብስ ምን ያስፈልጋል? ሥራ መውጫ ላይ የስምሪት ኃላፊው አንገቱን በመስኮት ያወጣና «ስንት?» ይለዋል።

«አሥራ አንድ» ይላል አባ ዝም።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ ይመለሳል። ታዲያ ይኼ ምን ይጠየቃል? እናቴ ስታጠፋ እየቆጠረ ያሳብቅባታል፤ አርብ ሲደርስ ደብተሩን ያወጣና አለቀልን።

«እማ፣ ለምን አታወርጂውም?» አልኳት ማክሰኞ ዕለት አንሶላ ስናራግፍ።

«ማንን?»

«እሱን። እግርሽን ሲያይ ነው የሚውለው።»

«ዝም በይ አንቺ! ሥራውን ነው የሚሠራው። ይልቅ ያን አንሶላ መሬት አታስነኪ።»

ዛሬ ሳስበው እግሯን የሚያየው ጥፋት ፍለጋ አልነበረም። ሌሎቹ ያለ ማስረጃ የፈረዱባትን እሱ በዓይኑ ሳያይ አልፈርድም ብሎ ነው። ጭነት ሲኖራት፣ ባዶ ስትሆን፣ ሞተሩ ሲሞቅ፣ ሲቀዘቅዝ፣ ዳገት ላይ፣ ኮረኮንች ላይ፣ ያን ጊዜ ሁሉ እግሯ የት እንደነበረ ይጽፍ ነበር። የስምሪት ኃላፊው የሚፈልገው ቁጥሩን ብቻ ስለሆነ ሌላውን ጠይቆት አያውቅም፤ እሱም ካልጠየቁት የሚናገር ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ዕለት ሦስተኛው ጤና ጣቢያ ደረስን። እናቴ ጥቅሎቹን ተሸክማ ገባች፤ እኔ ጋቢና ቀረሁ። አባ ዝም ወርዶ ወደ ሾፌሩ በር ዞረ፣ በሩን ከፈተና ወንበሩን ቆሞ ያየው ጀመር። ሰው ወንበር ሲያይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ስሙ እንደጠፋበት ዘመድ ነው ያየው። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳይገፋ፣ እናቴ በተወችው ላይ፣ ጉልበቶቹን አጥፎ እየተቃሰተ ገባ። ሞተሩን አስነስቶ ግቢውን አንድ ዙር አዞረኝ። ከአንድ ጉድጓድ ጠርዝ ስንደርስ መኪናዋ ነጠር ስትል፣ እህ፣ እህህ!

አባ ዝም ሳቀ። ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ከፊት ጥርሶቹ አንዱ የለም።

መኪናዋን አቆመና ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። የወለሉን ምንጣፍ ገለጠ፣ በባትሪ ከወንበሩ ሥር አበራ። እኔም አንገቴን አሰገግኩ። ወንበሩ የሚንሸራተትበት ሐዲድ አጠገብ አንዲት ቀጭን ቀይ ሽቦ አለች፤ ፕላስቲኳ ተልጦ መዳቡ ያብረቀርቃል። በካቻቢቴው ጫፍ ሽቦዋን ወደ ብረቱ ጠጋ አደረጋት። ሞተሩ እህህ አለ። ለቀቃት፤ ደህና ሆነ። ጠጋ ሲያደርጋት እህህ፤ ሲለቃት ደህና።

እሰይ! ተገኘ! አሁን ይጠግናታል፣ እናቴ ተረፈች ብዬ ስጠብቅ ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ሽቦዋን እንዳለች ተዋት። ምንጣፉን መለሰ፣ በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አድርጎ አስተካከለው፣ ወንበሩንም ነበረበት ላይ መሆኑን አየ። ከዚያ ሌባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«ሚጣ፣ ዝም። ለማንም እንዳትናገሪ።»

እናቴ የቆሸሹትን አንሶላዎች ይዛ ተመለሰች። «ጋሼ፣ ዛሬስ የተገኘ ነገር አለ?» አለችው። እንደማይገኝ ያወቀ ሰው አጠያየቅ ነበር።

«ነገ እናያለን» አላት እኔን እያየ።

ደሜ ፈላ። አግኝቶ ደበቀው! ሆስፒታሉ ስንደርስ ለዘበኛው ሰላምታ ሊሰጥ ቀድሞ ሲወርድ ደብተሩን መሪው ፊት ለፊት ትቶት ነበር። ብድግ አደረግሁና ከቆሸሹት አንሶላዎች ከረጢት ውስጥ ከተትኩት። ከረጢቱ ቀጥታ ወደ ማጠቢያው ገባ። ደብተሩ በማግስቱ ከፈላው በርሜል ሲወጣ ከአንሶላዎቹ እኩል ነጭ ሆኖ ነበር አሉ፤ አንዲት ፊደል አልተረፈችም። የአራት ቀን ልፋቱን፣ እናቴ ንጹሕ ለመሆኗ የተጻፈውን ብቸኛ ማስረጃ፣ በገዛ እጄ ቀቀልኩት። ያኔ ግን ጀግና የሆንኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ነው ቤት የገባሁት።

ቤት እንደገባን እናቴ ለአርብ ብላ ዩኒፎርሟን ማጠብ ጀመረች። አላስችል አለኝ።

«እማ፣ ሽቦ አለ። ከወንበሩ ሥር። እሱ አይቶ ደብቆታል።»

እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ። «ሚጣ፣ በሰው ላይ አትዋሺ» አለችኝ በቀስታ። «እኔ ከወደቅሁም ወደቅሁ። ችሎታ አንሶኝ ከሆነ አንሶኝ ነው፤ በሽማግሌ አላሳብብም።»

አላመነችኝም። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ሳሏ ተነሳባት፤ የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ጎንበስ አለች። እንደዚያ ስታስል ጀርባዋን የማሸት እኔ ነበርኩ፣ አሸሁላት።

አርብ ዕለት ሆዴን አመመኝ ብዬ ትምህርት ቤት ሳልሄድ ተከትያት ሄድኩ። ኮሚቴው ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የስምሪት ኃላፊው፣ ክሬኑ፣ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የሰው ኃይል ኃላፊዋ። የማጠቢያ ክፍል ሴቶችም ነገሩን ሰምተው በመስኮት ተደርድረዋል። እናቴ በደንብ የተተኮሰ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ቆማለች። እኔ ከኋላዋ ቆምኩ።

«ሦስት ማስታወሻ ተጽፎባታል» አለ የስምሪት ኃላፊው። «በዚህ ሳምንት ብቻ ሠላሳ አራት ጊዜ አስላባታለች፤ መካኒኩ ራሱ ነው የቆጠረው። አባ ዝም፣ እስቲ ደብተሩን ያምጡት።»

አባ ዝም የካፖርቱን ኪስ ዳሰሰ። ሌላውንም ዳሰሰ። «ጠፍቶብኛል» አለ።

«እንዴት ይጠፋል? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል አሉ። ያለ ወረቀት ምን ልንሰማዎት ነው?»

«ወረቀቱ ባይኖር መኪናዋ አለች። እሷ ትናገር። ክሬኑ ይንዳት።»

ክሬኑ ሳቀ። «እኔማ ስንቴ ነዳኋት፣ አባ ዝም!» ብሎ ቁልፉን ተቀብሎ በሩን ከፈተ። እጁን ወደ ወንበሩ ማንሻ ሲሰድ አባ ዝም ክንዱን ያዘው።

«ተው። ወንበሩን አትንካ። እሷ በተወችው ላይ ተቀመጥ።»

«እንዴ! እዚህ ውስጥ እንዴት ብዬ እገባለሁ?»

«እሷ በየቀኑ ትገባ የለም እንዴ?»

ክሬኑ ገባ። መግባት ከተባለ ነው፤ አንዱ ጉልበቱ ከመሪው ግራ፣ አንዱ ከመሪው ቀኝ ወጥቶ፣ አንገቱ ተሰብሮ፣ ኮፍያው ጣሪያው ላይ ተጨፍልቆ። አባ ዝም የሰው ኃይል ኃላፊዋን ከጎኑ አስቀመጣትና ራሱም ከዳር ገባ። መኪናዋ ተነሳች። ግቢውን መዞር ጀመረች። የውሃ መውረጃው ክዳን ላይ ስትደርስ፣ እህ፣ እህህ! ክሬኑ ነዳጅ ጨመረላት። እህህ! ሁለተኛውን ዙር ሳትጨርስ ማጠቢያው መስኮት ፊት ለፊት ተንዘፍዝፋ ጠፋች።

ከዚያ ከመስኮቱ አንዷ «ፍሪሲዮን ላይ ተኝቶ ነው!» አለችና ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እናቴ ብቻ አልሳቀችም፤ እጇን አፏ ላይ ጭና መኪናዋን ታያለች።

«ነዳጁን በሥርዓቱ ነው የሰጠኋት» አለ ክሬኑ እየተፍተለተለ ሲወርድ፣ ፊቱ ደም ለብሶ።

«አውቃለሁ፣ እግርህን እያየሁ ነበር። ምንም አላጠፋህም» አለው አባ ዝም። «እሷም አራት ቀን ሙሉ ሳያት ምንም አላጠፋችም።»

ምንጣፉን ገልጦ ሽቦዋን አሳያቸው። በአንድ ትንፋሽ ያን ያህል ሲናገር ግቢው ሰምቶት አያውቅም። «ድሮ የነዳት ሰው ሌባ እንዳይወስድበት ከዚህ ሥር ማጥፊያ ደብቆ ነበር። ማጥፊያዋ ተነቅላ ሽቦዋ ቀርታለች። ከቦቢናው ነው የምትመጣው፤ ብረት ከነካች እሳቱ ይሞታል። ወንበሩ እስከ ዳር ወደ ፊት ሲሳብ ሐዲዱ ይጫናታል፤ ሁለት ወር ሲፈገፍጋት ተላጠች። እናንተ ስትገቡ መጀመሪያ የምታደርጉት ወንበሩን መግፋት ነው። ሳታውቁት ጠግናችሁ ትነዷታላችሁ፣ ከዚያ ጤነኛ ናት ትላላችሁ። እኔም እንደዚያው ሳደርግ ነበር።»

«እኔም ኤሌክትሪክ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ጠርጥሬ ነበር» አለ የስምሪት ኃላፊው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! የሰው ኃይል ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ አየችው። «ሦስቱንም ወረቀቶች አምጣቸው። በእያንዳንዱ ላይ ስህተት መሆኑን ጽፈህ ትፈርማለህ። ከዚያ የቅጥር ደብዳቤዋን አዘጋጅ።» ክሬኑ፣ ይኼን አልደብቅለትም፣ የተጨፈለቀ ኮፍያውን አውልቆ ወደ እናቴ ሄደና «እህቴ፣ በድዬሻለሁ» አላት። እሷም አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ «ጉልበትህ ተጎዳ እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

ሁሉም ሲበተን አባ ዝም ፒንሳና ናስትሮ ይዞ ጎንበስ አለ። ሽቦዋን ቆረጣት፣ ጫፏን በናስትሮ ጠቀለላት፣ ጨረሰ። አምስት ደቂቃ አልሞላም። አምስት ደቂቃ! ለዚህ ነው እናቴ ሌሊቱን ስትሰቃይ ያደረችው? ከዚያ በላይ መታገሥ አቃተኝ።

«ትናንት አይቶታል!» ብዬ ጮህኩ። «ነግሬሽ ነበር! ትናንት አግኝቶት ደበቀው!»

እናቴ ወደሱ ዞረች። «ጋሼ፣ እውነት ነው?»

«እውነቷን ነው።»

«እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነው ያደርኩት እኮ። ምነው ትናንት ባስተካከሉት ኖሮ?»

አባ ዝም ፒንሳውን ኪሱ ከተተና እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ልጄ፣ ትናንት ባስተካክለው ኖሮ ዛሬ መኪናዋ አታስልም ነበር። እነሱም ‹በመጨረሻ መንዳት ተማረች› ይሉሽ ነበር።»

እናቴ ጋቢናው ደፍ ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ አስለቀሳት ብዬ ቅልጥሙን ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት።

እናቴ በዚያ ሆስፒታል ሃያ ስድስት ዓመት ነድታ ጡረታ ወጣች፤ ያ ሳልም ተመልሶ አልመጣባትም። የሱ ንግግር ግን ለኔ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት ያላጠፋሁት ጥፋት በስሜ ተጻፈ፤ አንድ ደግ ባልደረባዬ ችግሩን አግኝቶ ለማንም ሳይናገር አስተካከለልኝ፤ አለቃዬም በሰው ፊት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ፣ ተሻሽለሻል» አለኝ። አመሰገንኩት፤ ጥፋቱ ግን በስሜ እንደተጻፈ ቀረ። ከዚያ ቢሮዬን ዘግቼ ተቀመጥኩና፣ ለእናቴ አንድ ቀን ብቻ የሚያስጨንቃትን መንገድ የመረጠላትን ሰው አሰብኩ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኩ ብቻዬን፣ ጮክ ብዬ፣ በሕይወት ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋሼ ብዬ።